ከጽዋው ጋር ይዞር የነበረው ዘር

ወሬው የደረሰኝ ገበያ ውስጥ ድንች ስመርጥ ነው። የኅዳር ጽዮን ማግስት ነበር። ዋናውን ቀን፣ በአቅራቢያዬ የሚቀደስበት ቤተ ክርስቲያን ስለሌለ፣ ስፔን ውስጥ ባለችው ጠባብ ቤቴ ውዳሴ ማርያሜን ደግሜ ዳቦዬን ቆርሼ ብቻዬን አክብሬው ነበር። በማግስቱ ለጾም ወጥ የሚሆን ልግዛ ብዬ ወጣሁ። ነጩም ቢጫውም ድንች በየሳጥኑ ተደርድሯል። ስልኬ ጮኸ፤ የእህቴ ልጅ ሙሉ ከአርብ ገበያ የድምፅ መልእክት ልካለች። የእኛ አገር ኔትወርክ አንዴ ከሄደ መመለሻው አይታወቅምና ሳያመልጠኝ ልስማው ብዬ እዚያው ቆሜ ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። «አክስቴ፣ እንዴት ነዎት? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሶሪ፣ የምነግርዎት ደስ አይልም። የማርታን ድንች ትናንት አቃጠሉት። ከጽዋው በኋላ፣ ደጅ ላይ። እማዬም አለችበት።» ሻጩ የትኛውን ልስጥሽ እያለ ይጠይቀኛል። የያዝኩትን ድንች መልሼ አስቀመጥኩና ባዶ ዘንቢሌን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ማርታ ወደ ጋይንት የመጣችበትን ዓመት ይህ ነው ብዬ መናገር አልችልም። ከክፉው የረሃብ ቀን በኋላ፣ በሰፈራ የሄደው ሰው ገና አንድ ሁለት እያለ በሚመለስበት ጊዜ ነው። እኔ የማስታውሰው ሌላ ሌላውን ነው። ኮንጎ ጫማ ያደረገ ሰው እንደ ሹም የሚታይበት ጊዜ ነበር። አንድ ብር ይዛ አርብ ገበያ የወጣች ሴት ጨውም ጋዝም ገዝታ፣ ለልጇ ከረሜላ ጨምራ ትመለስ ነበር። ከጨው ተራው ጎን አህያ የሚታሰርበት ሜዳ አለ፤ ከእሱ አጠገብ አንድ ልብስ ሰፊ መኪናውን ዋርካው ሥር አስቀምጦ ለልጃገረዶች ባለ ሽንሽን ቀሚስ ይሰፋል። ያን ቀሚስ ለብሳ ባለ አበባ ሻሽ ጣል ያደረገች ልጅ በገበያው መሀል አንዴ ካለፈች፣ የእሸት ሻጩ ሁሉ ሚዛን ይስታል። ከመካነ ኢየሱስ ወደ ደብረ ታቦር የሚሄደው መኪና ጣሪያው ላይ ፍየልና ተማሪ እኩል ይጫንበታል። ማርታ የመጣችው በእንዲህ ያለው መኪና ነው፤ አቧራ ለብሳ፣ ዕቃዋን ባለ መስመር ጨርቅ ቋጥራ እንደ ልጅ በጀርባዋ አዝላ። አጭር ናት፤ ጉንጯን ብርድ አቅልቶታል፤ ጸጉሯ ሁለት ጉንጉን ነው። እህቴ ይርገዱ አየቻትና «ይች ምን ፈረንጅ ናት? የጉና ተራራ ሰው ናት እንጂ» አለች።

ስሟ ማርቲና ነበር፤ እኛ ማርታ አልናት። ከፔሩ ነው የመጣችው፤ ነጭ የድንች ዘር ለገበሬ ለማከፋፈልና አተካከሉን ለማሳየት። ማደሪያ ሲፈለግላት እህቴ «ከኔ ጋር ትሁን» አለች። እህቴ ባሏ በሰፈራ ሄዶ የቀረባት ሴት ነበረች፤ እኔም ከእሷው ጋር ነበርኩ። እናታችን ከሞተች ወዲህ እናቴም እህቴም እሷ ናት። ማርታ አማርኛውን የለመደችው ከእኛ ጋር ጓሮ ስትኮተኩት ነው። ሴቱን ሁሉ «አንተ» ስትል፣ የነፍስ አባታችንን አባ ተክሌን ደግሞ «አንቺ ደህና አደርሽ?» ትላቸው ነበር። አባም መስቀላቸውን እያሳለሟት «ደህና ነኝ፣ አንተስ?» ይሏታል፤ ሴቱ በሳቅ ይወድቃል።

ለሥራ ካመጣችው ነጭ ዘር ሌላ በዚያች ባለ መስመር ጨርቅ ውስጥ የራሷ ድንች ነበራት። ቆዳው ጥቁር፣ ሲቆረጥ ውስጡ እንደ ደም ቀይ። አያቷ ከአያቷ የተቀበለችው ዘር ነው። መጀመሪያ የተተከለው በእህቴ ጓሮ ነው፤ አበባው ሐምራዊ ሆኖ ሲወጣ መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ያየው ነበር። ሲደርስ ግን ችግር መጣ፤ የፍልሰታ ጾም ላይ ነን፣ እህቴ አንዱን ቀቅላ ቆረጠችውና ደነገጠች። «ይሄማ ደም አለው! እንዴት ተብሎ ይጾምበታል?» ሴቶች ተሰበሰቡ፤ አንዷ ትቀምሳለች፣ አንዷ ትተፋለች። ነገሩ አባ ተክሌ ዘንድ ደረሰ። እሳቸውም አንዱን ገምጠው፣ አላምጠው፣ «በርበሬም ቀይ ነው፤ ደም ነው ብላችሁ ልትተውት ነው?» አሉ። ማርታ ይህን ስትሰማ ሳቀችና «በርበሬም እኮ ከእኛ አገር ወገን ነው፣ በባሕር የመጣ» አለች። ማንም አላመናትም። እህቴ «አይ እሷ! ነገ ደግሞ ጤፉም የኔ ነው ትላለች» ብላ አሳቀችን። ለእርሻ ሥራ ስንሰማራም ሴቶቹ አንድ ዜማ አወጡላት፦

ማርታ እንዳንቺ ያለ መቼም አላየነ፣
ድንችሽ በጨርቅ አድሮ ሙሽራ መሰለነ።

የሕዝቧን ነገር የነገረችን በቁፋሮ ጊዜ ነው፤ አንድ ቀን ተቀምጣ አይደለም፣ ትንሽ ትንሽ፣ መቆፈሪያዋን እየጣለች። እኔ አገሯ «ተገኘ» ተብሎ በትምህርት ቤት ተምሬ ስለነበር ዕውቀቴን ላሳያት ፈልጌ «ስፔኖች ናቸው ያገኟችሁ፣ አይደል?» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «ጠፍተን ነበር እንዴ?» አለች። ከዚያ ጀመረች። ባሕር ተሻግረው የመጡት ሰዎች ንጉሣቸውን ያዙ። ክፍል ሙሉ ወርቅ ካመጣችሁ እንፈታዋለን አሉ። ሕዝቡ ከአገር ዳር እስከ ዳር ተሸክሞ አመጣ፤ ክፍሉ ሞላ፤ ንጉሡን ገደሉት። ፈንጣጣውማ ከወታደሮቹ ቀድሞ ነው የገባ፤ የሚቀብር እስኪጠፋ ፈጀ። የተረፈውን ወንድ በተራ በተራ እየጠሩ ብር ወደሚቆፈርበት ተራራ ይወስዱታል፤ ተራው የደረሰው ሰው ገና ሳይሄድ ቤተሰቡ እንደ ሞተ ሰው ያለቅስለታል። በየማሳው ተበትኖ የሚኖረውን ከቤቱ ነቅለው በመስመር በተሠራ መንደር ሰበሰቡት። ይህን ስትል የእኛ ሴቶች ተያዩ። አንዷ «ይሄንንስ እናውቀዋለን እቴ፤ እኛንም ጎጆ አፍርሳችሁ በመስመር ሥሩ ብለውን የለ?» አለች።

እህቴን ያስለቀሳት ግን የዐፅሙ ነገር ነው። በማርታ አገር የሞቱ አያቶችን በዋሻ ያኖሯቸው ነበር፤ በበዓላቸው ይጠይቋቸዋል። የስፔን ቄሶች እነዚያን ከዋሻ አውጥተው በአደባባይ አቃጠሏቸው። እህቴ መቆፈሪያዋን ጣለች። «የሞተ ሰው ዐፅም?» «አዎ።» «ክርስቲያን ነን እያሉ?» «መስቀል ይዘው።» እህቴ ደረቷን መታች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። «ታዲያ እንዴት አመናችሁ? እንዴትስ ቤተ ክርስቲያን ትስሚያለሽ አንቺ?» ማርታ መለሰችላት። «እመቤታችንን አገኘናት። እሷም ልጅ ሞቶባታል። እሷን ምን ብለን እንጠላለን?»

ያን ጊዜ ነው ሌላውን ምሥጢር የነገረችን። አያቷ በመከር ጊዜ ከድንቹ ሁሉ ትልቁን ትመርጣለች፤ በትንሽ ጨርቅ ትጠቀልለዋለች፤ «እናት» ብላ ከዘሩ ጋር ታኖረዋለች፤ የሚከርመው ዘር እሷን አይቶ እንዲጠነክር። እነዚያ ቄሶች ቤት ለቤት እየበረበሩ ይህንንም ጣዖት ነው ብለው ያቃጥሉ ነበር፤ ሴቶቹ ደግሞ መቀነታቸው ውስጥ እየደበቁ አሳለፉት። «ይህን በአገሬ ለቄስ አልነግርም» አለችን። «ትምህርት ቤትም የእናቴን ቋንቋ ስናገር እመታ ነበር። ለእናንተ ግን ነገርኩ። እናንተ እኔ ናችሁ።» እህቴ ምን እንዳለች ዛሬም በጆሮዬ አለ፦ «ይሄ ምን ኃጢአት አለው? እኛስ እሸቱን ቤተ ክርስቲያን ሳናደርስ እንቀምሳለን? ዘራችንን ጠበል ሳናስረጭ እንዘራለን?»

ማርታ ልትሄድ ስትል ዘሩን ለእኛ ሰጠችን። የአያቷን ኮረብታ ማዕድን የሚቆፍሩ ሰዎች ወስደውታል፤ ውኃውም ተበላሽቷል፤ የመንደሩ ልጆች ከተማ ወርደው በየመንገዱ ዕቃ ይሸጣሉ፤ ያ ዘር በአገሩ ጠፍቷል። «እዚህ ካለ አለ» አለችን። አንድ ሰው ቢይዘው አንድ ክፉ ዓመት ይጨርሰዋልና፣ መላውን ያመጡት አባ ተክሌ ናቸው። የእመቤታችን ማኅበር አለን፤ ጽዋው በየወሩ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። የኅዳር ጽዮንን ጽዋ የምትወስድ ሴት ዘሩንም በሙዳይ አብራ ትረከብ፤ ክረምቱ ሲገባ በጓሮዋ ትትከል፤ በጥቅምት ቆፍራ፣ መልካሙን መርጣ፣ በኅዳር ለባለ ተራዋ ታስረክብ አሉ። ሥዕለ ማርያም ፊት ቆመን ሁላችንም አሜን አልን። አባ «አደራ ነው፤ አደራ ከሥጋ ዝምድና ይበልጣል» ብለው መስቀላቸውን ሙዳዩ ላይ አሳረፉ። ማርታ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ሙዳዩ ስንት ደጅ እንደረገጠ እመቤታችን ታውቃለች። ሴቶች ሞቱ፣ ልጆቻቸው ተተኩ፤ መንገድ ተዘጋ፣ ተከፈተ፤ ብሩ ተለዋወጠ። ጽዋው ዞረ፤ ዘሩም ዞረ። አባ ተክሌም ዐረፉ።

እኔን ኑሮ ወደዚህ አመጣኝ፤ ልጄ ሥራ ይዛ፣ አግብታ፣ «ነይ» ብላኝ። ዕድል ሆኖ የመጣሁበት አገር ያው የእነዚያ ሰዎች አገር ነው። ክፉ አልናገርም፤ ጎረቤቶቼ ደጎች ናቸው፤ ስታመም ሾርባ ያመጡልኛል። አንድ ቀን ልጄ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ላሳይሽ ብላ ወሰደችኝ። መሠዊያው ከመሬት እስከ ጣሪያ ወርቅ ነው፤ በመካከሉ የእመቤታችን ምስል ወርቅ ለብሳለች። ጠባቂው ሽማግሌ ደረቱን ነፋ አድርጎ «ከባሕር ማዶ የመጣ ነው» አለን። እንዴት እንደመጣ አልነገረንም። እጅ ልነሣ ጎንበስ ስል ያ በወርቅ የሞላው ክፍል ፊቴ ድቅን አለ። «እናቴ፣ አንቺንም ሳይጠይቁሽ ነው ያለበሱሽ» አልኳትና ወጣሁ።

ከማርታ ጋር ግን አልተጠፋፋንም። ድሮ በየልደቱ ካርድ ትልክልን ነበር፤ ኋላ ስልክ መጣ። አሁን እሑድ እሑድ ትደውልልኛለች። አማርኛዋ ጠፍቷል፤ «አንተ» ብቻ ቀርታላታለች። የእኔ ስፔንኛ ደግሞ በእርጅና የተለመደ ነው። በሁለታችንም አፍ ውስጥ ያለው የእነዚያ ሰዎች ቋንቋ ነው እንግዲህ፤ ሌላ መገናኛ የለንም። ያለፈው ክረምት ድምፅዋ ሌላ ሆኖ ደወለች። ማዕድን ቆፋሪዎቹ ለቀው ወጥተዋል፤ ኮረብታው ለመንደሩ ሰው ተመልሷል፤ ሽማግሌዎቹ ያንን ዘር መልሰን በቦታው እንትከል ብለዋል። አላላኩን የሚያውቁ ሰዎችም አግኝታለች። «አንተ፣ አለ?» አለችኝ። «አለ» አልኳት። «ባለፈው ኅዳር እህቴ ናት የተረከበችው። ተራው የእሷ ነው።» በስልኩ ውስጥ ስታለቅስ ይሰማኛል፤ የልጅ ልጆቿን በእናቷ ቋንቋ ስትጠራ፣ እነሱም ምንድን ነው እያሉ ሲሮጡ ይሰማኛል። ጉልበቷ ደክሟል፤ ዓይኗም ፈዟል። ከመሞቷ በፊት በገዛ እጇ ኮረብታው ላይ መትከል ነው ምኞቷ።

የሙሉን መልእክት የሰማሁ ዕለት ለእህቴ ደወልኩ። ደጋግሜ ሞክሬ ነው የገባልኝ።

«እትየ፣ እውነት ነው?»

«ምኑ?»

«ድንቹ።»

ዶሮ ሲጮህ ይሰማኛል። «በረዶ መታን፣ አስካል» አለች። «ገብሱ ሊታጨድ ሲል። ስንዴውን ደግሞ ዋግ በላው። ምን በደልን ብለን ስንጨነቅ አንድ ባሕታዊ መጣ። ማንም ሳይነግረው ‹ከእመቤታችን ጽዋ ጋር ባዕድ ነገር ታዞራላችሁ› አለን።»

«አገር ሁሉ የሚያውቀውን ለማወቅ ባሕታዊ መሆን ያስፈልጋል?»

«አትሳደቢ። የእግዚአብሔር ሰው ነው።»

«ከየት ደብር ነው? ማን ላከው?»

«አይታወቅም።»

«እዚያው ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ደብር፣ ሊቃውንት ሞልተው የለም? ሄዶ የጠየቀ ጠፋ?»

«መንገዱን እንደምታውቂው ነው። ደግሞ ፊታችን ቆሞ ጠየቀን፤ ‹ስለዚህ ዘር የምታውቁት ነገር አለ?› አለን። በእመቤታችን ቀን እንዴት ልዋሽ? እኔ ነኝ የነገርኩት። ራሷ ማርታ እኮ ናት ያለችን፤ አያቷ በጨርቅ ጠቅልላ እናት ትለዋለች ብላ።»

ያ ለጠላት ያልተነገረ፣ ለእኛ ብቻ የተነገረ፣ «እናንተ እኔ ናችሁ» ተብሎ የተሰጠን ነገር፣ ዞሮ መክሰሻዋ ሆነ። እዚያ የነበሩት ቄሶች ሊያገኙት ቤት ሲበረብሩ የኖሩትን፣ እኛ ጋ ባሕታዊው ሳይበረብር አገኘው።

«እሳት ላይ ማን ጣለው?» አልኳት።

«ተይኝ፣ አስካል።»

«ማን?»

«ተራው የኔ ነበር» አለች። ቀጥላም፣ ድምፅዋ ሌላ ሆኖ፣ «አንቺ እዚያ ተቀምጠሽ ለድንች ታለቅሻለሽ። እኛ እዚህ ለገብሳችን አልቅሰናል። ፈረንጅ ሆነሽ ቀረሽ!» ብላ ዘጋችው።

ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። በረዶ የመታው ሰው ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ጋይንት ነው የተወለድኩት። ባሕታዊውንም አልረግምም፤ ፍርዱ የላይኛው ነው። ግን ልቤ እምቢ ያለኝ አንድ ነገር አለ። ለማታውቃቸው ሰዎች ዐፅም ደረቷን የደቃች እህቴ፣ ያሳደገችኝ፣ ሙዳዩን ይዛ እሳት ዳር ስትቆም ያ ለቅሶዋ የት ሄደ? ሌላ ሰው ቢያደርገው አዝኜ እተወው ነበር። የእናቴን ያህል የማምናት ሰው ናት። አባ ተክሌ መስቀላቸውን ያሳረፉበት ሙዳይ እኮ ነው። ማርታስ ከአገሯ ቄስ ሸሽጋ እኛ ዘንድ ያስቀመጠችው እኛ ሌላ ነን ብላ አልነበረም? አሜን ያሉት ሌሎችም ነበሩ፤ ከዚያ ሁሉ ሴት አንዲት «አባ ባርከውታል እኮ» ያለች የለችም ወይ? ስፔኖቹ እንኳ ባዕድ ነበሩ፤ ከማርታ ሰዎች አደራ ተቀብለው አሜን አላሉም።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው፤ በዚያ ቀን እሳቱ ዙሪያ ለነበራችሁ፣ እናቶቼና እህቶቼ። ልጆቻችሁ በስልካቸው ያነቡላችኋልና ስሙኝ። ማን ምን አደረገ አልልም። እህቴንም አታስቀይሙብኝ፤ ከእሷ ጋር ያለኝን እኔው ከነፍስ አባቴ ጋር እጨርሳለሁ። የምለምናችሁ ይህን ነው። ከእናንተ አንዲት፣ ጭሱ መሀል፣ አንዷን ድንች በመቀነቷ ሸሽጋ እንደሆነ፣ እንደ እነዚያ የማርታ አያቶች፣ አትፍራ፤ ኃጢአት የለበትም፤ ለሙሉ ብቻ በጆሮዋ ትንገራት። የሸሸገች ከሌለች ደግሞ ዝናቡን ጠብቁልኝ። የኅዳር ተራ ደርሷችሁ የተከላችሁ ሁሉ፣ የቆፈራችሁበትን ጓሮ ታውቁታላችሁ። የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢቆፈር አፈር ውስጥ የሚቀር ድንች አይጠፋም፤ ክረምት ሲገባ ማንም ሳይተክለው ገቦ ሆኖ በራሱ ይወጣል። ከገብሱ መሀል ቅጠሉ ጠቆር ያለ፣ አበባው ሐምራዊ ነገር ካያችሁ አትንቀሉት። አረም ነው ብለው ለሚነቅሉ ልጆችም ንገሯቸው።

ማርታ እሑድ ትደውላለች። ዘሩ መቼ ይመጣል ብላ ትጠይቀኛለች። ልዋሻት አልችልም፤ እውነቱንም ልነግራት አፌ አልፈታ ብሏል። «ዝናቡን እየጠበቁ ነው» እላታለሁ። ይህችን ቃሌን እባካችሁ ውሸት አታድርጉብኝ።